የቴሉጉ ሕዝብ ፓንቻንጋም፤ ታሪኩና በሂንዱዎች የዕለት ኑሮ ያለው ስፍራ

ዘመንን የሚቈጥር ፍጥረት ሰው ብቻ ነው። ወፎች የሚሰደዱበትን ወራት አይስቱም፤ እንስሳትም ክረምትና በጋን ለይተው ያውቃሉ፤ ነገር ግን ያለፈውን ቀን በስሙ ጠርቶ የሚያስብ፣ የሚመጣውንም ቀን አስቀድሞ ወስኖ የሚጠብቅ ከሰው በቀር የለም። ትምህርት ቤታችን የተመሠረተበትን ቀን ቈጥሮ በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ ዓመት እኛም ስለ ዘመን አቆጣጠር ጥቂት ለመጻፍ የተነሣነው ስለዚህ ነው።

ስለ አገራችን ባሕረ ሐሳብ ከእኛ የተሻሉ ሊቃውንት ጽፈዋል። ስለዚህ እኛ ባሕር ተሻግረን ወደ ደቡብ ህንድ ሄደን፣ የቴሉጉ ሕዝብ ፓንቻንጋም ብሎ ስለሚጠራው የዘመን መጽሐፍ ለአንባቢዎቻችን ለመግለጽ መረጥን። ህንድ ለእኛ ፈጽማ እንግዳ አይደለችም። ነጋዴዎችዋ በጥንት ዘመን ወደ አዱሊስ ይመላለሱ ነበር፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽም ብዙ የህንድ መምህራን በትምህርት ቤቶቻችን አስተምረዋል። ይሁን እንጂ በቤታቸው ቀንን እንዴት እንደሚቈጥሩ የምናውቅ ጥቂቶች ነን።

ይህን ስንጽፍ አንድ ጥያቄ በፊታችን አስቀምጠናል፤ ይኸውም አንድ ሕዝብ ከአባቶቹ የተረከበውን ሐሳበ ዘመን ቢመረምረውና ቢያርመው ያጠፋዋልን ወይስ ያድነዋል? የሚል ነው። ጥያቄው የህንዶች ብቻ አይደለም፤ የራሳቸውን አቆጣጠር የያዙ ሕዝቦች ሁሉ ጥያቄ ነው። አንባቢ እንዳይሳሳትም፣ በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እንናገራለን።

አገሩና ሕዝቡ

የቴሉጉ ሕዝብ የሚኖረው በህንድ ደቡብ ምሥራቅ፣ ጎዳቫሪና ክሪሽና የተባሉት ሁለት ታላላቅ ወንዞች ወደ ቤንጋል ባሕር በሚፈስሱበት አገር ነው። ህንድ ነጻ ከወጣች በኋላ የዚህ ሕዝብ አገር በመጀመሪያ በ1953 ዓ.ም. አንድራ፣ ቀጥሎም በ1956 ዓ.ም. አንድራ ፕራዴሽ ተብሎ ተቋቋመ፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ቴላንጋና ራሱን የቻለ ክፍል ሆኖ ተለየ። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ ቴሉጉን የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ያደረጉ የህንድ ሰዎች ከ81 ሚሊዮን በላይ ሆነው ተገኝተዋል። ከእነዚህ መካከል እስላሞችና ክርስቲያኖች አሉ፤ የሚበዙት ግን ሂንዱዎች ናቸው፤ ፓንቻንጋምም የእነዚህ የሂንዱዎቹ መጽሐፍ ነው።

አምስቱ ክፍሎች

ፓንቻንጋም የሚለው ስም የሳንስክሪት ቋንቋ ነው፤ «ፓንቻ» አምስት፣ «አንጋ» አካል ማለት ስለ ሆነ፣ ትርጓሜው «አምስት አካል ያለው» ይሆናል። እነዚህም አምስት አካላት ቲቲ፣ ቫራም፣ ናክሻትራም፣ ዮጋምና ካራናም ይባላሉ። መጽሐፉ ለዓመቱ ዕለታት ሁሉ የእነዚህን የአምስቱን ስምና ሰዓት ይናገራል።

ከሁሉ የሚበልጠው ቲቲ ነው። ጨረቃ ከፀሐይ ተነሥታ ሰማይን ዞራ እንደገና ከፀሐይ ጋር እስክትገናኝ ድረስ ያለው ጊዜ በ30 ይከፈላል፤ ይህም ማለት ጨረቃ ከፀሐይ በ12 ዲግሪ በራቀች ቍጥር አንድ ቲቲ ይፈጸማል። ዐሥራ አምስቱ ጨረቃ የምትሞላበት፣ ዐሥራ አምስቱ የምትጎድልበት እኩሌታ ናቸው። ነገር ግን ጨረቃ አንዳንድ ጊዜ ትፈጥናለች፣ አንዳንድ ጊዜም ትዘገያለች፤ ስለዚህ የቲቲ ርዝመት ከ19 ሰዓት እስከ 26 ሰዓት ያህል ይለዋወጣል። ሊቃውንቱም ሕዝቡ እንዳይቸገር፣ ፀሐይ ስትወጣ የተገኘው ቲቲ ለዚያ ቀን ስም ይሁን ብለው ወሰኑ። ከዚህም የተነሣ አንዱ ቲቲ ሁለት ማለዳ ያገኝና ሁለት ቀን ይጠራበታል፤ ሌላው ደግሞ በሁለት ማለዳዎች መካከል ተጀምሮ ያልቅና ያለ ቀን ይቀራል።

ቫራም ሰባቱ የሳምንት ዕለታት ናቸው። ናክሻትራም ጨረቃ በየዕለቱ የምታድርባቸው 27 የከዋክብት ማደሪያዎች ናቸው፤ እያንዳንዱም 13 ዲግሪ ከ20 ደቂቃ ስፋት አለው። ዮጋም የፀሐይና የጨረቃ ስፍራ በአንድነት ተደምሮ የሚገኝ ሲሆን፣ እርሱም እንደ ናክሻትራም 27 ነው። ካራናም የቲቲ እኩሌታ ነው።

ቀኑ የሚጀምረው ከፀሐይ መውጫ ነው፤ ይህም ሰዓታችንን ከጧት ጀምረን ለምንቈጥር ለእኛ አያስደንቅም። የሚያስደንቀው ሌላ ነው። የቀድሞው የህንድ አቆጣጠር ቀንና ሌሊቱን በ60 ጋዲያ ይከፍለዋል፤ አንዱ ጋዲያም 24 ደቂቃ ነው። የእኛም የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት አንዱን ዕለት በ60 ኬክሮስ ስለሚከፍሉት፣ ኬክሮስም እንዲሁ 24 ደቂቃ ይሆናል። በ60 እየከፈሉ ሰማይን መቍጠር የጥንት ባቢሎናውያን ልማድ ነበር። እነሆ ተያይተው የማያውቁ የጎዳቫሪና የጣና ሊቃውንት ቀናቸውን በአንድ መስፈሪያ ሲሰፍሩ ኖረዋል።

የ11ዱ ቀን ነገር

በጨረቃ የሚቈጥር ሕዝብ ሁሉ አንድ ችግር ያጋጥመዋል። ዐሥራ ሁለት የጨረቃ ወራት ተደምረው 354 ቀን ያህል ስለሚሆኑ፣ ከፀሐይ ዓመት 11 ቀን ያህል ያንሳሉ። ይህን ትርፍ ምን ማድረግ ይገባል?

የእስልምና አቆጣጠር 11ዱን ቀን ይተወዋል፤ ስለዚህም የረመዳን ጾም አንዳንድ ጊዜ በክረምት፣ አንዳንድ ጊዜም በበጋ ይውላል። የእኛ ሊቃውንት ዓመቱን በፀሐይ ቈጥረው፣ ትርፉን አበቅቴ ብለው ለጾምና ለፋሲካ ሒሳብ ይይዙታል። የቴሉጉ ሊቃውንት ደግሞ ትርፉን ያጠራቅሙትና፣ በየ32 ወር ተኩል ገደማ አንድ ሙሉ ወር ሲሆን በዓመቱ ውስጥ ያስገቡታል። ይህም ጭማሪ ወር አዲካ ማሳም ይባላል። የሚገባበትንም ስፍራ እንደ ፈቃዳቸው አይመርጡትም፤ በአንድ የጨረቃ ወር ውስጥ ፀሐይ ከአንዱ የከዋክብት ቤት ወደ ሌላው ሳትሻገር ከቀረች፣ ያ ወር ጭማሪ ነው። በ2023 ዓ.ም. ሽራቫና የተባለው ወር በዚህ ምክንያት ሁለት ጊዜ ሆኗል። በጭማሪው ወር ሠርግ አይደረግም፤ ጸሎትና ምጽዋት ግን ይበዛበታል።

በ19 ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለው ወር 7 ጊዜ ይመጣል። የባሕረ ሐሳብ ተማሪ የሆነ ሰው 19 የሚለውን ቍጥር ሲሰማ ወዲያው ያስታውሰዋል፤ የእኛም አበቅቴ ተመልሶ መነሻው ላይ የሚቆመው በ19 ዓመት ነውና። ሰማይ አንድ ስለ ሆነ፣ በትጋት የተመለከቱት ሁሉ ከአንድ ቍጥር ይደርሳሉ።

ኡጋዲ፤ ዓመቱ በአደባባይ የሚነበብበት ቀን

የቴሉጉ ዓመት የሚጀምረው ቻይትራ በሚባለው ወር መባቻ፣ በመጋቢት መጨረሻ ወይም በሚያዝያ መጀመሪያ ነው። ይህ ቀን ኡጋዲ ይባላል፤ የዘመን መጀመሪያ ማለት ነው። በዚያ ዕለት ማለዳ ሰዎች ዘይት ተቀብተው ይታጠባሉ፤ በራቸውን በማንጎ ቅጠል ያስጌጣሉ፤ ከዚያም ኡጋዲ ፓቻዲ የሚባለውን ይቀምሳሉ። ይህም መራራ የኒም አበባ፣ ጣፋጭ ጥቍር ስኳር፣ ኮምጣጣ የተምር ህንዲ፣ ጨው፣ ጥሬ ማንጎና በርበሬ ወይም ቍንዶ በርበሬ በአንድነት የተቀላቀሉበት ነው። ስድስቱ ጣዕሞች የሚመጣውን ዓመት ደስታና ኀዘን ያመለክታሉ፤ ሰውም አንዱን መርጦ ሌላውን ሊተው እንደማይችል ያስተምራሉ።

ከዚህ በኋላ የፓንቻንጋም ንባብ ይሆናል። ሕዝቡ በቤተ መቅደስ ወይም በመንደሩ አደባባይ ይሰበሰባል፤ ካህኑም አዲሱን መጽሐፍ ገልጦ የዓመቱን ስም፣ ዝናሙ ምን ያህል እንደሚሆን፣ ምን ዓይነት እህል እንደሚበረክት፣ በዓላቱ መቼ እንደሚውሉ ያነብባል። መጻሕፍት በየቤቱ ባልነበሩበት ዘመን ማንበብ የማይችለው ገበሬ ዓመቱን የሚያውቀው በዚህ ንባብ ነበር። ዛሬ የክፍለ አገሮቹ መንግሥታት ንባቡን በይፋ ያዘጋጃሉ፤ ባለ ሥልጣኖችም ተቀምጠው ያደምጣሉ።

ዓመታቱ እያንዳንዳቸው ስም አላቸው። እኛ ዓመታችንን ዘመነ ማቴዎስ፣ ዘመነ ማርቆስ፣ ዘመነ ሉቃስ፣ ዘመነ ዮሐንስ እያልን በአራት ስም ስናዞር፣ እነርሱ በ60 ስም ያዞራሉ። የመጀመሪያው ፕራባቫ የሚባለው በ1987 ዓ.ም. ገባ፤ በ2024 ዓ.ም. ክሮዲ፣ በ2025 ዓ.ም. ደግሞ ቪሽቫቫሱ ተባለ። አንድ ሰው 60 ዓመት ሲሞላው የተወለደበት ዓመት ስም ተመልሶ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ልጆቹና የልጅ ልጆቹ ተሰብስበው ባልና ሚስቱን እንደገና ያጋቧቸዋል። እድሜን ማክበር እንዲህ ባለ ሥርዓት ሲሆን እጅግ ያማረ ነው እንላለን።

መጽሐፉ ለዓመቱ ንጉሥ፣ ሚኒስትርና የጦር አዛዥ ሳይቀር ይሾምለታል። እነዚህ ሹማምንት ፀሐይ፣ ጨረቃና ፕላኔቶች ናቸው፤ ንጉሡም ኡጋዲ የዋለበት ዕለት ጌታ ነው። በ2024 ዓ.ም. ኡጋዲ ማክሰኞ ስለ ዋለ ማርስ ነገሠ፤ በ2025 ዓ.ም. እሑድ ስለ ዋለ ፀሐይ ነገሠች። ለዐሥራ ሁለቱም የከዋክብት ቤቶች ገቢያቸውንና ወጪያቸውን፣ ክብራቸውንና ውርደታቸውን በቍጥር ጽፎ ይሰጣል። ሰዎችም የየራሳቸውን ፈልገው አይተው፣ ወጪው ከገቢው የበለጠበት ያዝናል፤ ጎረቤቱም ይስቅበታል።

ከልደት እስከ ሞት

ሕፃን ሲወለድ ወላጆቹ ቀኑን ብቻ ሳይሆን ጨረቃ ያደረችበትን ናክሻትራም ይጠይቃሉ። ሃያ ሰባቱ ማደሪያዎች እያንዳንዳቸው በአራት ይከፈላሉ፤ ከዚህ የተገኙት 108 ክፍሎች የየራሳቸው ፊደል ስላላቸው፣ ብዙ ወላጆች የልጁን ስም በዚያ ፊደል እንዲጀምር ያደርጋሉ።

ልጁ አድጎ ለጋብቻ ሲደርስ መጽሐፉ እንደገና ይገለጣል። የሠርጉ ሰዓት ሙሁርታም ይባላል፤ አንዳንድ ጊዜም ከሌሊቱ 8 ወይም 9 ሰዓት ላይ ይውላል። እንግዶች እንቅልፋቸውን አጥተው ይጠብቃሉ። ሙሽራውና ሙሽራይቱ በመካከላቸው መጋረጃ ተይዞ ይቀመጣሉ፤ የተወሰነው ደቂቃ ሲደርስ ከሙንና ጥቍር ስኳር በአንድነት ተወቅጦ የተዘጋጀውን አንዱ በሌላው ራስ ላይ ያኖራል። ጋብቻውን የሚያጸናው ይህ ቅጽበት ነው። አሻዳ በሚባለው ወር ግን ሠርግ የለም፤ አዲስ ያገባች ሴትም በዚያ ወር ወደ እናትዋ ቤት ትመለሳለች። ሽማግሌዎች ምክንያቱን ሲናገሩ፣ በአሻዳ የተፀነሰ ልጅ የሚወለደው በጽኑ ሐሩር ወራት ስለ ሆነ፣ ጊዜውም የእርሻ ሥራ የሚጣደፍበት ስለ ሆነ ነው ይላሉ። ጁፒተር ወይም ቬነስ ወደ ፀሐይ ቀርበው ከዓይን በሚሰወሩበት ጊዜም እንዲሁ አይጋቡም።

በዓላቱ የሚጠሩት በቲቲ ቍጥር ነው። እኛ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም እንደምንል፣ እነርሱም የጋኔሻን በዓል አራተኛ፣ የራማን ልደት ዘጠነኛ ይሉታል። ዐሥራ አንደኛው ቲቲ በወር ሁለት ጊዜ የጾም ቀን ነው። ዲፓቫሊ የተባለው የመብራት በዓል ጨረቃ ፈጽማ በማትታይበት ሌሊት ይውላል። ሰው ሲሞትም ዝክሩ የሚደረገው በሞተበት ወርና ቲቲ ነው፤ ልጁም በየዓመቱ ያን ቀን ከፓንቻንጋም ፈልጎ ለአባቱ መታሰቢያ ያደርጋል። እንግዲህ መጽሐፉ የሌለበት ቤት የአባቱን ቀን ይረሳል ማለት ነው።

ሃይማኖቱን የያዘ ሂንዱ ጸሎቱን ወይም መሥዋዕቱን ሲጀምር ሳንካልፓም የሚባለውን ቃል ይናገራል። በዚህ ቃል ያለበትን አህጉርና አገር፣ ቀጥሎም ዘመኑን፣ የዓመቱን ስም፣ ወሩን፣ ቲቲውንና ዕለቱን በተራ ይጠራል፤ ከዚያ በኋላ የራሱን ነገድና ስም ይናገራል። ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው በላይኛው ጠርዝ ቦታና ቀን እንደሚጽፍ፣ ይህም ሰው ለአምላኩ የት ሆኖ፣ መቼ እንደሚናገር ያመለክታል። በቲሩማላ ተራራ በሚገኘው ዝነኛ ቤተ መቅደስ ደግሞ በየማለዳው የዕለቱ ፓንቻንጋም በአምላኩ ፊት ይነበባል፤ ያለፈው ቀን የመባ ገቢም በዚያው ይነገራል።

ገበሬውና ሰማዩ

ስለ ካህናትና ስለ ሠርግ ብቻ ብንናገር ታሪኩን አጕድለን እንተወዋለን። ገበሬው ፓንቻንጋምን የሚጠቀምበት በሌላ መንገድ ነው። ለእርሱ ጨረቃ ሳትሆን ፀሐይ በ27ቱ የከዋክብት ማደሪያዎች የምታልፍበት ጊዜ ይበልጥበታል። ፀሐይ በአንዱ ማደሪያ 13 ወይም 14 ቀን ትቆያለች፤ ይህም ካርቴ ይባላል። ሮሂኒ ካርቴ የሐሩር መጨረሻ ነው፤ በእርሱ ጊዜ የድንጋይ ሙቀጫ ሳይቀር ይሰነጠቃል እየተባለ ይነገራል። በሰኔ መጀመሪያ የሚገባው ምሪጋሺራ ካርቴ ግን የዝናም አብሳሪ ነው፤ ያን ጊዜ ገበሬው ዘሩን ያዘጋጃል፤ በሃይደራባድ ከተማም ሰዉ በዚያ ቀን ዓሣ ይበላል።

በዚህ ዓይነት ማንበብ የማይችለው ገበሬ የ27ቱን ካርቴ ስሞች በቃሉ ይዞ፣ ለእያንዳንዳቸው ምሳሌ አበጅቶ ለልጁ ያስተምራል። የእኛም ገበሬ ክረምቱን በሰኔ ሚካኤል፣ በሐምሌ አቦ፣ በነሐሴ ደብረ ታቦር እየለየ ይናገራል። የሚለየው ስሙ ነው፤ ጥበቡ ግን አንድ ነው።

አስሊዎቹ

የዚህ ሐሳብ መሠረት የጥንት የህንድ ሊቃውንት መጻሕፍት ናቸው። በ476 ዓ.ም. የተወለደው አርያባታ በ499 ዓ.ም. በጻፈው መጽሐፍ፣ የፀሐይና የጨረቃ ግርዶሽ የሚሆነው በጨረቃና በምድር ጥላ መሆኑን አስረድቷል። ሱርያ ሲዳንታ የሚባለው መጽሐፍም ለብዙ መቶ ዓመታት የአስሊዎች መመሪያ ሆኖ ኖሯል። በቴሉጉ አገር ፓንቻንጋምን የሚያሰላ ሰው ሲዳንቲ ተብሎ ይጠራል፤ ሙያውም ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ኖሯል።

የአስሊዎቹን ችሎታ የሚያሳይ አንድ ታሪክ አለ። ነገሩ የሆነው ከቴሉጉ አገር በስተ ደቡብ፣ በታሚሎች አገር በፖንዲቼሪ ነው። ጆን ዋረን የተባለ የጦር መኰንን በ1825 ዓ.ም. ስለ ደቡብ ህንድ አቆጣጠር መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። ይህ ሰው አንድ ታሚላዊ የቀን መቍጠሪያ አዘጋጅ ያገኛል። አዘጋጁ ብዕርና ወረቀት ሳይዝ፣ ዛጎሎችን በመሬት ላይ እየደረደረ፣ በቃሉ በያዘው ሰንጠረዥ ብቻ የዚያን ዓመት የጨረቃ ግርዶሽ አስልቶ አሳየው። ውጤቱ ከእውነተኛው ሰዓት ጋር ሲመዛዘን በመጀመሪያው 4 ደቂቃ፣ በመካከሉ 23 ደቂቃ፣ በመጨረሻው 52 ደቂቃ ብቻ ተሳስቶ ተገኘ። ዋረን ሰውዬው የሐሳቡን ምክንያት እንደማያውቅ፣ የማስታወስ ችሎታው ግን ድንቅ እንደ ሆነ መስክሯል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ክብርም ማስጠንቀቂያም እናያለን። ክብሩ፣ ያለ መሣሪያና ያለ ትምህርት ቤት ይህን ያህል ጥበብ በአንድ ሰው ራስ ውስጥ ተጠብቆ መኖሩ ነው። ማስጠንቀቂያው ደግሞ፣ ምክንያቱን ሳያውቅ በቃሉ ብቻ የያዘ ሰው ሐሳቡ ሲዛባ ሊያርመው የማይችል መሆኑ ነው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማተሚያ ቤቶች ሲበዙ፣ በዘንባባ ቅጠል ይጻፍ የነበረው ፓንቻንጋም በወረቀት እየታተመ በርካሽ ዋጋ በየገበያው ይሸጥ ጀመር። የቴሉጉን መዝገበ ቃላት በ1852 ዓ.ም. ያሳተመው እንግሊዛዊው ቻርልስ ፊሊፕ ብራውንም ስለ ሂንዱዎችና ስለ እስላሞች ዘመን አቆጣጠር በ1863 ዓ.ም. አንድ መጽሐፍ አወጣ።

ክርክሩ

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። የሱርያ ሲዳንታ ዓመት ከእውነተኛው የወቅቶች ዓመት 24 ደቂቃ ያህል ይረዝማል። ይህ ከአንድ ጋዲያ አይበልጥም፤ በአንድ ሰው ዕድሜ ማንም አያስተውለውም። ነገር ግን በ60 ዓመት አንድ ቀን፣ በ1400 ዓመትም 23 ቀን ያህል ይሆናል። ስለዚህ ፀሐይ ወደ ሰሜን ጕዞዋን የምትጀምረው በታኅሣሥ 22 ገደማ ሆኖ ሳለ፣ ሂንዱዎች ይህን የሚያከብሩበት የሳንክራንቲ በዓል በጥር 14 ወይም 15 ይውላል። አቆጣጠሩን በከዋክብት ያደረጉ ሊቃውንት ይህ ስሕተት አይደለም ብለው ይከራከራሉ፤ ወቅቱን የሚመለከት ግን ልዩነቱን ያያል።

የህንድ መንግሥት በ1952 ዓ.ም. ሜግናድ ሳሃ በተባለው ታላቅ የፊዚክስ ሊቅ ሰብሳቢነት አንድ ጉባኤ አቆመ። ጉባኤው በአገሩ 30 ያህል ልዩ ልዩ አቆጣጠሮች እንዳሉ አግኝቶ፣ በ1955 ዓ.ም. ሐሳቡን አቀረበ። ከመጋቢት 22 ቀን 1957 ዓ.ም. ጀምሮም የታረመ ብሔራዊ አቆጣጠር ታወጀ። አዋጁ ግን በመንግሥት ወረቀት ላይ ቀረ እንጂ በቴሉጉ ቤት ውስጥ አልገባም፤ ማንም እናት የልጅዋን ሠርግ በእርሱ አልወሰነችም።

ይሁን እንጂ ሌላ ማረሚያ በዝምታ ገብቷል። ከፓንቻንጋም አዘጋጆች ራሳቸው ብዙዎቹ የቀድሞውን ሰንጠረዥ ትተው፣ የፀሐይንና የጨረቃን ስፍራ በዘመናዊ ሥነ ፈለክ መሠረት ማስላት ጀመሩ። ይህ አሰላል ድሪክ ይባላል፤ በዓይን የታየ ማለት ነው። ሌሎቹ የአባቶቻችንን አንለውጥም ብለው በጥንቱ ጸንተዋል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንዳንድ ጊዜ ሰዓታት ስለሚሆን፣ አንዱ መጽሐፍ በዓሉን ዛሬ ሲል ሌላው ነገ ይላል፤ ሕዝቡም ይቸገራል። ቢሆንም ክርክሩ ከውጭ የመጣ ሳይሆን በቤተ ሰቡ መካከል የሚደረግ ስለ ሆነ፣ መጽሐፉን አላጠፋውም።

ሌላው ክርክር ስለ ዕድል ነው። መጽሐፉ ለየቀኑ ክፉ ሰዓት ይወስናል። ከእነዚህ ራሁ ካላም የሚባለው ፀሐይ በ12 ሰዓት በምትወጣበት ቀን፣ ሰኞ ከጧቱ 1 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት፣ እሑድ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል እስከ 12 ሰዓት ነው። ብዙ ሰው በዚያ ጊዜ መንገድ አይጀምርም፤ ውል አይፈርምም። ራሁ በጥንቱ ተረት ፀሐይንና ጨረቃን የሚውጠው ጋኔን ነው። እንግዲህ በአንድ መጽሐፍ ውስጥ የአርያባታ ጥላና የተረቱ ጋኔን ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ አስሊው በጥላው ያሰላል፣ ሰሚው ጋኔኑን ይፈራል።

ፍርሃቱ ደግሞ የሚከብደው በደካሞች ላይ ነው። በተወለደችበት ጊዜ ማርስ በክፉ ስፍራ ነበረ የተባለች ልጅ ባል ለማግኘት ትቸገራለች። ባልዋ የሞተባት ሴትም መንገደኛ ቢያያት ገድ የሌላት ናት እየተባለች ትገፋ ነበር። ካንዱኩሪ ቪሬሳሊንጋም የተባለው የቴሉጉ ጸሐፊ ይህን ተቃውሞ፣ ታኅሣሥ 11 ቀን 1881 ዓ.ም. በራጃማንድሪ ከተማ አንዲት ባል የሞተባትን ሴት አጋባ። ሕዝቡ ተነሣበት፤ እርሱ ግን አልተመለሰም።

በዚያችው ከተማ በ2015 ዓ.ም. አንድ አሳዛኝ ነገር ሆነ። ጁፒተር በየ12 ዓመቱ ወደ አንበሳ ቤት ሲገባ፣ ለ12 ቀን በጎዳቫሪ ወንዝ መታጠብ ታላቅ በረከት ነው ተብሎ ይታመናል። ሐምሌ 14 ቀን፣ በመጀመሪያው ማለዳ፣ በመልካሙ ሰዓት ለመታጠብ እጅግ ብዙ ሕዝብ በአንድ ደረጃ ላይ ተጨናንቆ ሳለ ከ27 ያላነሱ ሰዎች ተረጋግጠው ሞቱ። ወንዙ በ12ቱም ቀን ያው ወንዝ ነበረ። ሟቾቹ የጣደፋቸው እምነታቸው ስለ ሆነ ልንነቅፋቸው አንደፍርም። ነገር ግን ሰዓትን ለሕዝብ የሚያውጅ ሰው፣ በዚያ ሰዓት ለሚመጣው ሕዝብ ሥፍራና ጥበቃ አስቀድሞ ማሰብ እንደሚገባው ይህ ቀን ያስተምራል።

ማጠቃለያ

ዛሬ የቴሉጉ ጋዜጦች የዕለቱን ቲቲና ናክሻትራም በየማለዳው ያትማሉ፤ በእጅ ስልክም ይገኛል። ወደ አሜሪካ የሄዱት ቴሉጉዎች ፀሐይ በሚኖሩበት ከተማ በምትወጣበት ሰዓት የተሰላ ፓንቻንጋም ይጠቀማሉ፤ ስለዚህ በዓላቸው አንዳንድ ጊዜ ከወላጆቻቸው በዓል በአንድ ቀን ይለያል። መጽሐፉ መልኩን ለወጠ እንጂ አልሞተም።

ከዚህ በላይ ከተመለከትነው የምንማረው እንዲህ ነው። በፓንቻንጋም ውስጥ ሁለት ነገር ተቀላቅሏል። አንዱ ሊመረመር የሚችል ነው፤ ጨረቃ የት እንዳለች፣ ግርዶሽ መቼ እንደሚሆን ማንም ዓይን ያለው ቀና ብሎ ሊያረጋግጥ ይችላል። ሁለተኛው ሊመረመር የማይችል ነው፤ ሰኞ ማለዳ ለምን ክፉ እንደ ሆነ ሰማይ አይመልስም። እኛ ቀን ሁሉ የአንድ ፈጣሪ ሥራ ነው ተብለን ያደግን ስለ ሆንን ሁለተኛውን አንቀበልም፤ ነገር ግን በአገራችንም ኮከብ የሚያስቈጥር፣ «ቀን ጎደለብኝ» የሚል ስላለ በህንዶች ላይ ለመሳቅ መብት የለንም።

የመጀመሪያውን ግን እናከብራለን። የተጠበቀውም በምርመራ ነው። ከላይ በአዋጅ የመጣው ማረሚያ በወረቀት ላይ ቀረ፤ የአቆጣጠሩ ባለቤቶች ራሳቸው ሰማይን አይተው ያረሙት ግን በየቤቱ ገባ። ስለዚህ ለጥያቄያችን የምንሰጠው መልስ ይህ ነው፤ አንድ ሕዝብ ሐሳበ ዘመኑን ራሱ ቢመረምረው አያጠፋውም፤ ያድነዋል እንጂ። የሚያጠፋው ምክንያቱን የሚያውቅ ሰው ማጣት ነው።

የእኛም ባሕረ ሐሳብ ይህ ዕድል ያሰጋዋል። ከእኛ መካከል አበቅቴንና መጥቅዕን ደምሮ 30 ማግኘት የሚችል ስንት ተማሪ አለ? ፋሲካ መቼ እንደሚውል ከግድግዳ ላይ ካለው ወረቀት እናነብባለን እንጂ አናሰላም። የፖንዲቼሪው ሰው ቢያንስ ዛጎሎቹን ያውቅ ነበር። እኛ አልጀብራንና ጂኦሜትሪን የተማርን ልጆች፣ ዕረፍታችን ሲደርስ ከሽማግሌ ሊቃውንት እግር ሥር ተቀምጠን ሒሳቡን ከነምክንያቱ ብንማር፣ ትምህርት ቤታችን ለሚያከብራቸው ለሚመጡት በዓላት ሁሉ የሚሆን ስጦታ ይዘን እንመለሳለን።